ሚካኤል ገብቶ ነበር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 1973

የታይፑ ሪባን ደርቋል። ገልብጬ አሰርኩት፣ ደግሞ መልሼ ገለበጥኩት። አዲስ ከጠየቅኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። የምመታው ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጓድ ክንዱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና "አንቺ በስሱ ነው የምትመቺው" አሉኝ። እንግዲህ ዳኛ ናቸው፤ ከፈረዱ ፈረዱ።

ጠዋት አንድ አናጢ መስክሮ ሄደ። ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን ዳኛው ላይ ተክሎ። ወደዱት። ሲወጣ ወደኔ ዞር ብለው "አየሽ አደይ? ውሸታም ሰው ዓይንሽን አያይም። ሃያ ዓመት የፈረድኩበት ሚዛን ነው" አሉ።

አናጢው የሰፈሬ ሰው ነው። የቤቴን በር ሊሠራልኝ ሰባት ጊዜ "ነገ" ብሎኛል። ሰባቱንም ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ...

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛሬ የሙሉነሽ ጉዳይ ተሰማ። የኑግ ዘይት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ኅዳር ላይ የማሽኑ ቺንጋ የቀኝ እጇን አራት ጣቶች ወሰደባት። ካሳ ትጠይቃለች።

የፋብሪካው ነገረ ፈጅ አቶ አስማማው የሚሉት አንድ ነገር ነው። "ፈረቃዋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልቋል። የመውጫ ደብተሩ ላይ ፈርማለች። ከዚያ በኋላ እጇ የት እንደተቆረጠ ድርጅቱ አያውቅም።" እሷ ደግሞ "ፈርሜ ስወጣ አለቃው ማሽኑን አጽጂ ብሎ ከበር መለሰኝ" ትላለች። አለቃው ተጠየቀ። አላስታውስም አለ። ከዚህ ሁሉ ጩኸት ጋር የመጣ አደጋ እንዴት ይረሳል?

ምስክሯ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የበሩ ዘበኛ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት። የዘጌ ሰው ናቸው። ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ የደብሩ መሬት ከተወረሰ ወዲህ ፋብሪካው በር ላይ ዱላ ይዘው ይቆማሉ። ዱላውን እንደ መቋሚያ ብብታቸው ሥር አስገብተው ነው ችሎት የገቡት።

"እውነቱን እናገራለሁ ጌታዬ።"

"ጌታዬ ቀርቷል" አሉ ዳኛው። "ጓድ ይበሉኝ።"

"እሺ ጓድ ጌታዬ።"

እርሳሴን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ።

"ይችን ልጅ ከበር ሲመልሷት አየሁ" አሉ መሪጌታ። "ብዙም አልቆየ፣ እጇን በጆንያ ጠቅልለው ሲያወጧት አየሁ። በሩን የከፈትሁ እኔው ነኝ።" መቼ ነበር ሲባሉ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ደወል፣ ዋዜማ፣ ሚካኤል... ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ስለያዙ የምሰማው ግማሹን ነው። ዓይናቸው ከዳኛው ጫማ አልተነሳም። "ቀና ይበሉ እንጂ!" ተባሉ። ቀና አሉና ወዲያው ተመልሰው ጎነበሱ። ጓድ ክንዱ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ረቂቄን ታይፕ መታሁት። የመሪጌታን ረጅም መልስ አሳጠርኩት። ጓድ ክንዱ ቁጥር ይወዳሉ። "አደጋው የደረሰው ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ማታ ነው" ብዬ አስቀመጥኩላቸው። አጭር፣ ንጹሕ። መሪጌታ ለመፈረም ሲመጡ ላንብብልዎት አልኳቸው፣ በግማሽ ልብ። ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር። "ጽፈሽው የለ ልጄ? ምን ይነበባል" ብለው ፈረሙ። የእጅ ጽሕፈታቸው እንዴት ያምራል! የኔ ገጽ ከፊርማቸው አጠገብ አፈረ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ምንም የለም። ዝንብና መዝገብ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ውሳኔው ተነበበ። ሙሉነሽ ተረታች።

"ምስክሩ አደጋው ኅዳር 12 ደረሰ ብሏል። የሐኪም ካርዱ ኅዳር 11 ምሽት ይላል። በ12 ደግሞ ፋብሪካው ለጥገና ተዘግቶ ውሎ እንዳደረ ተረጋግጧል። ከዚህም ሌላ ምስክሩ ቃሉን ሲሰጥ ዓይኑን ይሸሽግ ነበር። ስለዚህ ቃሉ እምነት አይጣልበትም።"

ሙሉነሽ ዳኛውን አላየችም። ያየችው መሪጌታን ነው። ረጅም እይታ። እሳቸው ዱላቸውን አስተካክለው ወጡ።

አይ መሪጌታ... ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ቀን ቆጠራ እንዴት ያቅታቸዋል? አርጅተዋል መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ሙሉነሽ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ቆሎ መሸጥ ጀምራለች። በግራ እጇ ትሰፍራለች፣ እየፈሰሰባት። ገዛኋት። ምራቂ ጨመረችልኝ። ፊቴን ከችሎቱ ታውቀዋለች? አላወቅኩም። ይግባኝ ብያለሁ አለች አንዲት ሌላ ገዢ ስትጠይቃት። "ወረቀት ጽፎ የሰጠኝ ሰው ሊሳካም ይችላል ብሎኛል።"

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

አዲስ ሪባን መጣ! ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቀይ። ቀይ ማን ጠየቀ? ጊዜው የቀይ ነው ብለው ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ የሚሠራ ሰው የለም፤ ጓድ ክንዱም በጥጋብ እያዛጉ አንድ ቀጠሮ አራዝመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

የሙሉነሽ መዝገብ ከይግባኝ ተመለሰ። ትእዛዙን ለጓድ ክንዱ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ስጀምር ፈገግ ብለው ነበር።

"ምስክሩን በዓይኑ ያየውና በጆሮው የሰማው የሥር ችሎት ነው። እኛ ያየነው ወረቀት ነውና ምዘናውን በቀላሉ አንነካም።" እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሏቸው። "ሆኖም የቀኑ ልዩነት ለምስክሩ ተነግሮት ምን መልስ እንደሰጠ መዝገቡ ላይ አላገኘንም። ዓይኑን መሸሸጉም ከውሸት ይሁን ከሌላ ነገር አልተመረመረም። አለማመን ይቻላል፤ ያላመኑበት ምክንያት ግን መጻፍ አለበት። ምክንያቱ በዝርዝር ይጻፍ፤ ካስፈለገም ምስክሩ እንደገና ይሰማ።"

ፈገግታው የለም። "እነሱ ወረቀት ያያሉ፣ እኔ ሰው አያለሁ!" ብለው ተነሱ። ተቀመጡ። ምክንያታቸውን መጻፍ ጀመሩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አራት ወረቀት ጨምድደው ጣሉ። አንዱን አንስቼ አየሁት፤ አይ ሰው መሆን። "ምክንያቱም ዓይኑን ስለሸሸገ፣ የሸሸገውም ምክንያቱም" ይላል፤ እዚያው ቆሟል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

አንድም ልብስ ሳላጥብ መሸ።

ከሥራ ስመለስ ፀሐይዋ ወደ ጣና ስትወርድ ነበር። ሳይጨልም ልብሴን ልጠብ ብዬ ሳፋ አወጣሁ። እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ቤቱን ያከራዩኝ የቄስ ሚስት የነበሩ ሴትዮ፣ ከደጃፋቸው አዩኝ።

"ተይ ሆዴ። ሚካኤል ገብቷል።"

"ሚካኤል ነገ ነው እማሆይ። ዛሬ 11 ነው።"

"ለእናንተ ለመሥሪያ ቤቶች ነገ ነው። እኛ ዘንድ ደወሉ ከተደወለ ገባ። ቀን የሚጀምር ከማታው ነው።"

"ከማታው?"

"ዓለም ሲፈጠርስ ማታው አይደል የቀደመ? የኔ ቄስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ሲቆጥሩ ኖሩ። በ20 ማታ ብትጠይቂያቸው ማርያም ነው ይሉሻል። እኔ ሳገባቸው ልጅ ነበርሁ፤ ቀኑ እየተምታታብኝ ስንት የዝክር ወጥ በጥድፊያ አሳርሬአለሁ!"

እሳቸው ይስቃሉ። እኔ ሸሚዙን ውኃው ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።

እኔ የመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው፤ አባቴ እዚህ ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ሲቀጠር። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖሬ ይህን አላውቅም? ማን ነግሮኝ? ማንንስ ጠይቄ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ከማንም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። የእርሳስ ረቂቄን ከሣጥኑ ሥር አወጣሁት። የእጄ ጽሕፈት ነው፤ ልክደው አልችልም።

"የዋዜማው ደወል ተደውሎ፣ ሚካኤል ገብቶ ነበር።"

ይኸው ነው ያሉት። 12 የሚል የለም። 12 የኔ ናት። ሰውየው በትክክል የኅዳር 11ን ምሽት ተናገሩ፤ እኔ አንድ ቀን ጨምሬ ውሸታም አደረግኳቸው። ያረጁት እሳቸው አልነበሩም...

ብናገር ምን ይመጣል? ስህተት ነው የሚል የለም፣ አሻጥር ነው የሚሉት። አምና አንዷ ጸሐፊ መዝገብ አዛባሽ ተብላ ከጣና ማዶ ቁንዝላ ተመደበች። እርግጥ ዓሣው ርካሽ ነው ይላሉ።

ባልናገርስ? ረቂቁን የሚያነበው ሰው የለም። የኔን እርሳስ እኔም አንዳንዴ አላነበውም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

የውይይት ክበብ ነበር። ርእሱ? ሂስና ግለሂስ። ይህን ያህልማ ማሾፍ አለ?

ሁሉም ተራ በተራ ራሱን ሂስ አደረገ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሻይ ያበዛል። ሾፌሩ በመንግሥት መኪና ዘመድ ጭኗል፣ አንድ ጊዜ፣ በዝናብ። ጓድ ክንዱ ቁጡ ነኝ አሉ፤ ማንም አልተቃወመም። ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ።

"አንዳንዴ አረፍዳለሁ" አልኩ።

አጨበጨቡልኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ቆሎ አልገዛሁም። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ፈሪ።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ለጓድ ክንዱ ነገርኳቸው።

የእርሳስ ረቂቄ ያለበትን ደብተር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። "ምንድነው?" "የመሪጌታ ቃል ነው... እኔ ታይፕ የመታሁት ሌላ ነው።" ሁሉንም አወጣሁት፤ ማሳጠሬን፣ 12ን፣ አንብቤ አለማስፈረሜን፣ እማሆይ ያሉኝን። ሳልተነፍስ።

ደብተሩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡ።

"ቀና በይ" አሉኝ።

አቃተኝ። የጫማቸውን ማሰሪያ ቀዳዳ ቆጠርኩ። በአንድ እግር ስምንት። አንዱ ክር የለውም።

"አደይ። እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው" አልኩ፣ ለጫማው።

ወንበራቸው ተንቋቋ። ሳቅ አይደለም፣ በአፍንጫቸው ትንሽ ነፋስ ወጣ። "ሃያ ዓመት..." አሉ። ብዕራቸውን አንስተው ከፊታቸው ካለው የምክንያት ረቂቃቸው ላይ አንድ መስመር ሰረዙ። አሻግሬ አነበብኩት፤ "ዓይኑን ይሸሽግ ነበር" የሚለው ነው። በደንብ ነው የሰረዙት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

"ያልሽውን ጽፈሽ ፈርሚበት። መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ምስክሩም ይጠራ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል። ሌላ ጸሐፊ ስለሌለን ራስሽ ትመቺዋለሽ።"

ከቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቁንዝላ ቀረች ማለት ነው? አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

መሪጌታ እንደገና መጡ። ሙሉነሽ ጥግ ተቀምጣለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ዳኛው የካቲት ላይ ያልጠየቁትን ጠየቁ። "የሐኪሙ ካርድ 11 ይላል። እርስዎ ሚካኤል ይላሉ። እንዴት ነው?"

"ምንም ልዩነት የለውም ጓድ ጌታዬ። በ11 ፀሐይ ስትጠልቅ ሚካኤል ይገባል። ልጅቱ የተጎዳች ደወሉ ከተደወለ ኋላ ነው።"

አቶ አስማማው ተነሱ። "ተመክሮ ነው የመጣ! ይህ ሂሳብ ትናንት የተፈጠረ ነው። ይኸው የበሩ የመኪና መዝገብ፣ በራሱ እጅ የጻፈው።" አንድ ደብተር አቀረቡ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አደረጉ። "ሚካኤል፣ ማታ። ፒክአፕ ሐኪም ቤት ወጣች" ይላል። "12 ማለት ነው! 12 ደግሞ ዝግ ነበርን።"

ጓድ ክንዱ ደብተሩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ ኋላ አንድ ገጽ ገለጡ፣ ደግሞ አንድ። "ጥቅምት፣ ማርያም ማታ፣ የኑግ ጭነት ገባ። የዚህ ጭነት የሾፌሩ ወረቀት አለ?" ነበር፤ አቶ አስማማው ደብተሩ ውስጥ እንደተጣበቀ ነው ያመጡት። ጥቅምት 20 ይላል። ማርያም ግን 21 ናት። ሌላ ጭነት ገለጡ፤ በደብተሩ ገብርኤል ማታ፣ በሾፌሩ ወረቀት 18። ሌላም። መሪጌታ ይህን ሥራ ከያዙ ጀምሮ ማታ የጻፉት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ነው። አደጋው ሳይደርስ፣ ክስ ሳይኖር፣ ማንንም ለመጥቀም ሳያስቡ።

"አቶ አስማማው" አሉ ዳኛው በጣም በትሕትና፣ "በ12 ፋብሪካው ዝግ ከሆነ ይህች ፒክአፕ ማንን ይዛ ነው ሐኪም ቤት የወጣችው?"

አቶ አስማማው ክራቫታቸውን ነኩ። ደብተሩን መልሰው ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። "እዚህ ይቆይ" ተባሉ።

ዛሬ ለመሪጌታ አነበብኩላቸው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጮክ ብዬ። ሦስት ቦታ አረሙኝ። "በሩ ተከፈተ አላልሁም፣ ከፈትሁ ነው ያልሁ። በር ብቻውን አይከፈትም ልጄ።" አስተካከልኩ። ደግሜ አነበብኩ። አሁን ፈረሙ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ተፈረደላት።

ጓድ ክንዱ ምክንያታቸውን አምስት ገጽ ጻፉ! ምስክሩ ቀኑን የሚቆጥርበት መንገድ፣ ከክሱ በፊት የተጻፈው ደብተር፣ ከሐኪሙ ካርድ ጋር መግጠሙ፣ የአለቃው "አላስታውስም"... ስለ ዓይን አንድ ቃል የለም። "ቃሉ ታምኗል። ካሳው ይከፈላት፣ እንደ እጇም የሚሆን ሥራ ይፈለግላት።" ሙሉነሽ ሁለት ጊዜ "ተፈረደልኝ?" ብላ ጠየቀች። ሁለቱንም ጊዜ ዳኛው ራሳቸው መለሱላት።

ውሳኔው "በጽሕፈት ስህተት" ብሎ አልፎኛል። የማን ጽሕፈት? አይልም። ሙሉነሽም ይህን የሰማች አልመሰለኝም።

ማስጠንቀቂያዬን ራሴ መታሁት። "ግዴለሽነት" የሚል ቃል ሁለት ጊዜ አለበት። በቀዩ ልምታው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "አትቀልጂ" አሉኝ፣ ሲፈርሙ ግን ከንፈራቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ነበር። አንድም ስህተት የለበትም። የሦስት ዓመት ሥራዬ ሁሉ ተጠቅልሎ ይህን ያህል አላማረም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

ሙሉነሽ ጋ ሄድኩ። ሊነግራት የሚችል ሌላ ሰው የለም። ከጣና በኩል ዳመና ይዟል፣ ቆሎዋን በላስቲክ ሸፍናለች። ሥራው ከሐምሌ ነው አለችኝ፤ እስከዚያ ቆሎ ትሸጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ያቺን 12 የጻፍኳት እኔ ነኝ። መሪጌታ አላሉም። እኔ ነኝ።"

እጇ ጣሳው ላይ ቆመ። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቆሎውን ትደፋብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋብሪካውን በር አየች። መሪጌታ ቆመዋል፣ ዱላቸውን ተደግፈው።

"እኔ እኮ ከፋብሪካው በልተው የካዱኝ መስሎኝ ነው" አለች። ድምጿ ወረደ። "ከዚያን ቀን ጀምሬ ሰላም ብያቸው አላውቅም። እዚህ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ። ለፋሲካ እንኳ ፊቴን አዞርሁባቸው። ቃላቸው ከተለወጠ ኋላም፣ አሁን የተናገሩ ፈርተው ነው ብዬ..."

ይህን አላሰብኩትም። እጇን አስቤ ነበር፣ ካሳውን፣ ወንበሬን፣ ቁንዝላን። እሷም እንደ ዳኛው ፈርዳባቸው እንደነበር ግን አላሰብኩም። እኔ ባቀበልኳት ወረቀት። አፈርኩ፤ እስከ ጥፍሬ ነው ያፈርኩት።

"ተቆጪኝ" አልኳት።

"አንችን ኋላ እቆጣሻለሁ። አሁን ነይ፣ አብረን እንሂድ። ብቻዬን እፈራለሁ።"

ተሻገርን። ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዟት።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ። አራት ወር ሙሉ ሰላም አላልሁዎትም።"

"አላልሽኝም?" አሉ መሪጌታ። የምር የገረማቸው ይመስላሉ። "እኔ እኮ በየማለዳው ስትመጭ 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፣ አንችስ?' እያልሁ ስመልስልሽ ነው የከረምሁ።"

ሙሉነሽ ከንፈሯን ነከሰች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

"እንደምን አደሩ" አለች።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኗል። ማናችንም አላረምናትም።